ሙታን በፊደል ተራ የመረጡባት ጆርጂያ

ስሙኝማ። አትላንታ ኤርፖርት፣ ተራ የሚጠብቁ ሾፌሮች መኪናቸውን ደርድረው የሚያቆሙበት ሜዳ ላይ ነን። አንዱ ወንበሩን ለጥጦ ያሸልባል። አንዱ ከምሳ ዕቃው ፍርፍር ያወጣል። ሦስት አራታችን ደግሞ አንድ መኪና ተደግፈን ወሬ ይዘናል። ከመካከላችን ክላርክስተን የሚኖሩ፣ ዜግነት ከያዙ ዓመታት ያለፏቸው አንድ ጋሼ አሉ።

«ጋሼ፣ ለአገረ ገዥው ምርጫ ተሰናዱ?» አልኳቸው።

«ኖቬምበር አይደል እንዴ? ገና ነው።»

«የሜይውስ?»

«እሱ የፓርቲዎቹ የውስጥ ጉዳይ ነው። እነሱ እርስ በርሳቸው ይለዩና ያሸነፈውን ያምጡልን፤ እኛ ያኔ እንመርጣለን።»

ዝም አልኩ። ቅር ያለኝ በእሳቸው አይደለም። «የፓርቲዎቹ የውስጥ ጉዳይ» የምትለዋ ቃል በጆርጂያ ምድር ታሪክ አላት። ሰው ከፍርድ ቤት ደጃፍ የተባረረባት፣ ደምም የፈሰሰባት ቃል ናት። ተራችን እስኪደርስ ለጋሼ የተረክሁትን ለእናንተም ልተርክላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዘመኑ 1944 ነው። ኮሎምበስ በምትባለው የጆርጂያ ከተማ ፕራይመስ ኪንግ የሚባል ጥቁር ሰው ነበረ። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሰባኪም ነው። ጁላይ 4 ቀን፣ አሜሪካ የነፃነት በዓሏን በምታከብርበት ዕለት፣ በዴሞክራቲክ ፓርቲው ቅድመ ምርጫ ድምፅ ልስጥ ብሎ ወደ ካውንቲው ፍርድ ቤት ገባ። አስወጡት። በዚያ ዘመን ቅድመ ምርጫው የነጮች ብቻ ነበር። ሕግ ጠቅሰው ሲሟገቱም ምን ይሉ ነበር መሰላችሁ? ፓርቲ እንደ ማኅበር ነው፤ ማኅበርተኛውን የሚመርጠው ራሱ ነው፤ መንግሥትም ፍርድ ቤትም አያገባቸውም። የውስጥ ጉዳይ ነው።

አሁን ይህን ያዙልኝ። ከ1870ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 2002 ምርጫ ድረስ፣ ከ130 ዓመት በላይ ማለት ነው፣ ጆርጂያ አንድም ሪፐብሊካን አገረ ገዥ አልመረጠችም። የዴሞክራቶቹን ቅድመ ምርጫ ያሸነፈ ሰው ኖቬምበር ላይ ብዙ ጊዜ ተቃዋሚ እንኳ አይቆምበትም ነበር። እንግዲህ ጥቁሩን ሰው «ኖቬምበር ላይ መምረጥ ትችላለህ፣ ቅድመ ምርጫው ግን አይመለከትህም» ማለት እህሉ ገብቶ ካለቀ በኋላ አውድማውን ጥረግ እንደ ማለት ነው።

ፕራይመስ ኪንግ ከሰሰ። በ1945 የፌዴራል ዳኛ ፈረደለት፤ የተወሰነለት ካሳ 100 ዶላር ነበር። ይግባኝ ተባለ፤ በ1946 ያም ጸና። በቴክሳስ ጉዳይ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1944፣ ያው ብሎ ነበር፦ ቅድመ ምርጫ የምርጫው አካል ነው፣ ማንም በቀለሙ አይከለከልም። በሩ ተከፈተ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ ጥቁር ጆርጂያውያን ተመዘገቡ። የዚያን ጊዜው አገረ ገዥ ኤሊስ አርናልም ፍርዱን የሚያፈርስ ሕግ እንዲወጣ ምክር ቤቱን አልጠራም። ይህ ሰው በ1943 የመራጩን ዕድሜ ወደ 18 ያወረደ፣ በ1945 ደግሞ ድሃውን ከምርጫ ያራቀውን የነፍስ ወከፍ ግብር ያስቀረ ነው። በዘመኑ ሚዛን ደፋር ሰው ነበር።

ታዲያ ዩጂን ታልማጅ ተነሣ። ቀይ የሱሪ ማንገቻ አድርጎ ከገበሬው ፊት ቆሞ የሚናገር፣ አፈ ጮሌ፣ ቀደም ሲል አገረ ገዥ የነበረ፣ ከቴልፌር ካውንቲ የመጣ ሰው ነው። በ1946 ሲወዳደር የገባው ቃል ግልጽ ነበር፤ ቅድመ ምርጫውን ለነጮች ብቻ እመልሳለሁ አለ። ዋና ተፎካካሪው ጄምስ ካርማይክል በጦርነቱ ጊዜ ማሪዬታ ላይ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን የሚሠራውን ፋብሪካ ያስተዳድር የነበረ ሰው ነው።

ጁላይ 17 ድምፅ ተሰጠ። ካርማይክል 313 ሺህ ያህል አገኘ፣ ታልማጅ 297 ሺህ ያህል። ካርማይክል በ16 ሺህ በለጠ። ያሸነፈው ግን ታልማጅ ነው።

ጋሼ እዚህ ላይ «እንዴት ሆኖ?» አሉ። ከመኪናው ቀና ብለው።

እንዲህ ሆኖ ነው። ጆርጂያ 159 ካውንቲዎች አሏት። በዚያ ዘመን የሰው ድምፅ ተቆጥሮ አያበቃም፤ ወደ ካውንቲ ነጥብ ይለወጣል። ስምንቱ ትልልቅ ካውንቲዎች እያንዳንዳቸው 6 ነጥብ፣ የሚቀጥሉት 30 ካውንቲዎች 4 ነጥብ፣ የቀሩት 121 ካውንቲዎች 2 ነጥብ ይይዛሉ። በካውንቲው የበለጠ የነጥቡ ሁሉ ጌታ ነው። አትላንታን የያዘው ፉልተን ካውንቲ ያ ሁሉ ሕዝብ ይዞ 6 ነጥብ። ደቡብ ጫፍ ላይ ያለችው ኤኮልስ ጥቂት ሺህ ነፍስ ይዛ 2 ነጥብ። ሦስት እንደ ኤኮልስ ያሉ ካውንቲዎች ከነአትላንታ ፉልተንን ይስተካከላሉ። ታልማጅ ትንንሾቹን ካውንቲዎች እየዞረ ሰበሰበ፤ ከ410 ነጥብ 242ቱን ወሰደ። ካርማይክል በ146 ቀረ።

የዚያ ቅድመ ምርጫ ዋጋ ግን በነጥብ ብቻ አይለካም። ቴይለር ካውንቲ ውስጥ ሜሲዮ ስናይፕስ የሚባል ወጣት ነበረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ ዘምቶ የተመለሰ ወታደር ነው። በሠፈሩ ጣቢያ ጁላይ 17 ቀን ድምፅ የሰጠው ጥቁር እሱ ብቻ ነበር። በማግሥቱ ነጮች ቤቱ ድረስ መጥተው ጠርተው አስወጡት፤ ተኮሱበት። በሁለተኛው ቀን ሞተ። አንድ ሳምንት ሳይሞላ፣ ጁላይ 25፣ ዋልተን ካውንቲ ሙርስ ፎርድ ድልድይ አጠገብ ሁለት ጥቁር ባልና ሚስቶች፣ አራት ሰው፣ በጥይት ተደብድበው ተገደሉ። በዚያው በጋ አንድ የ17 ዓመት የአትላንታ ተማሪ እንዲህ ያለውን ነገር እየተቃወመ ለጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈ፤ ስሙ ማርቲን ሉተር ኪንግ ነበር። ስናይፕስን ከቤቱ ጠርተው የገደሉት በኖቬምበር ምርጫ አይደለም። በቅድመ ምርጫ ነው። የቅድመ ምርጫን ዋጋ ከእኛ ይልቅ ገዳዮቹ አሳምረው ያውቁት ነበር።

ወሬው እዚህ ያበቃ መስሏችሁ ከሆነ ገና ነው።

ታልማጅ ታሞ ነበር። የቅርብ ሰዎቹ አውቀዋል። ኖቬምበር ላይ ተቃዋሚ ስለሌለው ማሸነፉ አይቀርም፤ ከቃለ መሐላው በፊት ቢሞትስ? የግዛቱን ሕገ መንግሥት አገላበጡ፤ አብላጫ ያገኘ ከሌለ ምክር ቤቱ በሕይወት ካሉት ሁለት ቀዳሚዎች አንዱን ይመርጣል የሚል አንቀጽ አገኙ። እናም ለሰው ሁሉ ሳያሳውቁ ጥቂት ደጋፊዎች የልጁን የኸርማን ታልማጅን ስም በእጃቸው ወረቀቱ ላይ እንዲጽፉ አደረጉ። ዲሴምበር 21 ቀን 1946 አባትየው ሳይሾም ሞተ።

የእጅ ጽሑፍ ድምፆቹ ሲቆጠሩ ችግር መጣ። ካርማይክል 669፣ አንድ ሌላ ሰው 637፣ ኸርማን 617። ሦስተኛ ወጣ ማለት ነው፤ ምክር ቤቱ ሊመርጠው አይችልም። ድንገት ከታልማጆች አገር ከቴልፌር ካውንቲ ሳይቆጠሩ የቀሩ 58 ወረቀቶች ተገኙ ተባለ። ሁሉም ለኸርማን። 675 ሆነ፤ አንደኛ ወጣ። ጃንዋሪ 15 ቀን 1947 ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምክር ቤቱ በ161 ለ87 ድምፅ የ33 ዓመቱን ኸርማን አገረ ገዥ አደረገ።

አርናል አልለቅም አለ። ምክር ቤቱ ይህን የማድረግ ሥልጣን የለውም፤ ሕዝብ የመረጠው ምክትል አገረ ገዥ ኤም. ኢ. ቶምሰን ቃለ መሐላ ሲፈጽም ብቻ አስረክባለሁ አለ። የምክትል አገረ ገዥነት ሥልጣን በ1945ቱ ሕገ መንግሥት የተፈጠረ ገና አዲስ ነገር ነበር፤ ቶምሰን የመጀመሪያው ነው። በዚያች ሌሊት በምክር ቤቱ ሕንፃ ኮሪደር ላይ ግርግርና ድብድብ ሆነ። ኸርማን የግዛቱን ፖሊሶች ይዞ የቢሮውን ቁልፍ ለወጠ፤ መኖሪያ ቤቱንም ያዘ። አርናል በማግሥቱ መጥቶ ቢሮው ሲዘጋበት፣ እዚያው ሕንፃ ውስጥ እንግዶች መረጃ የሚጠይቁባት ትንሽ ቦታ ላይ ተቀምጦ አገረ ገዥ እኔ ነኝ አለ። ጃንዋሪ 18 ቶምሰን ቃለ መሐላ ፈጸመ፤ አርናል ለቀቀለት። ቶምሰን ደግሞ መሐል ከተማ ሌላ ቢሮ ከፈተ። አንዲት ግዛት፣ አገረ ገዥ ነኝ የሚሉ ሦስት ሰዎች።

ማኅተሙስ? እኛ የማኅተምን ነገር እናውቀዋለን። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ቀበሌም አይቀበለውም። ጆርጂያም እንዲሁ ናት። ማኅተሙ የሚቀመጠው በግዛቱ ጸሐፊ በቤን ፎርትሰን እጅ ነበር። መራመድ የማይችል፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ነው። ፍርድ ቤት እስኪወስን ለማንም አልሰጥም አለ። ማኅተሙን ከወንበሩ ላይ ደብቆ ተቀመጠበት። የታጠቁ ሰዎች በሚንጎራደዱበት ቤት አንድ አካል ጉዳተኛ ሹም ሕጉን ቁጭ ብሎ ጠበቀው። ከዚህ ታሪክ ለልጆቼ የምነግረው ይህን ሰው ነው።

በዚህ መሐል የአትላንታ ጆርናል ጋዜጠኛ ጆርጅ ጉድዊን ወደ ቴልፌር ሄደና የመራጮቹን መዝገብ ተመለከተ። የመጨረሻዎቹ 34 መራጮች በፊደል ተራ ነበር የመረጡት። አስቡት፤ እዚህ ሜዳ ላይ እንኳ እኛ ሾፌሮች በስማችን ፊደል አንሰለፍም። እየዞረ ቢጠይቅ፣ ከነዚያ መሐል አልመረጥንም የሚሉ አሉ፣ ከካውንቲው ለቀው የሄዱ አሉ፣ ከመቃብር የተጠሩም አሉ። ጉድዊን ለዚህ ሥራው በ1948 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ማርች 19 ቀን 1947 የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ5 ለ2 ወሰነ፤ ምክር ቤቱ ኸርማንን የመሾም ሥልጣን አልነበረውም፤ አገረ ገዥው ቶምሰን ነው። ኸርማን ያዘውን ቢሮ ለቀቀ። በያዘበት ሁለት ወር ግን ምክር ቤቱ የነጮችን ቅድመ ምርጫ የሚመልስ ሕግ አውጥቶ ነበር፤ ያን ቶምሰን ሻረው። ያሳዝናል፤ በ1948 ኸርማን በዚያው የነጥብ ምርጫ ተመልሶ መጣና እስከ 1955 ገዛ።

ነጥቡ የወደቀው በሌላ ሰው ነው። ጄምስ ሳንደርስ የተባለ የፉልተን ካውንቲ መራጭ በ1962 ከሰሰ። በ1960ው ቆጠራ ፉልተን 556 ሺህ ሰው፣ ኤኮልስ 1,876 ሰው ነበራቸው፤ በዕጩ መረጣው የአንድ የኤኮልስ ሰው ድምፅ የ99 ፉልተኖችን ይመዝን ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማርች 18 ቀን 1963 በ8 ለ1 ሻረው። አንድ ሰው አንድ ድምፅ የሚለው መርህ በአሜሪካ ሕግ ላይ የታተመው በዚህ ፍርድ ነው። ክርክሩ ስለ ኖቬምበር አልነበረም፤ ስለ ጆርጂያ ቅድመ ምርጫ ነበር።

በዚያው በ1962 ጂሚ ካርተር ለግዛቱ ሴኔት ሲወዳደር ኩዊትማን ካውንቲ ላይ ድምፁን ሰረቁት። ሲጣራ፣ እዚያም መራጮች በፊደል ተራ ነበር የተሰለፉት። እሱም ቅድመ ምርጫ ነበር። ካርተር ተሟግቶ መቀመጫውን ወሰደ፤ በኋላ አገረ ገዥ፣ በኋላ ፕሬዚዳንት ሆነ።

«ይሄ ሁሉ የድሮ ነው፤ አሁን ማን ይከለክለኛል?» አሉ ጋሼ።

እውነታቸውን ነው። አሁን የሚከለክል የለም። ልቤን የሚያደማውም ይኸው ነው፤ ፕራይመስ ኪንግ የተባረረበትን በር እኛ ተከፍቶ ሳለ አንገባበትም። በ2018 የሪፐብሊካኖቹ የሜይ ቅድመ ምርጫ ላይ ድምፅ የሰጠው ሰው 600 ሺህ ገደማ ነበር። ኖቬምበር ላይ የወጣው ከ3.9 ሚሊዮን በላይ ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ ሕዝብ ኖቬምበር ላይ ከፊቱ ያገኘውን ስም ጥቂቱ ሰው አስቀድሞ ወስኖለት ነበር። በዚያ ዓመት ኬሲ ኬግል በመጀመሪያው ዙር 39 በመቶ ይዞ ሲመራ ብራያን ኬምፕ 26 በመቶ አልሞላም። አብላጫ ያገኘ ስላልነበረ ወደ መለያ ምርጫ ሄዱ፤ እዚያ ኬምፕ 69 በመቶ አገኘ። ከዚያ ወዲህ ገዥው እሱ ነው።

የቤታችሁን ነገር ላንሣ። ልጆቻችሁ ኮሌጅ የሚማሩበት የሆፕ ገንዘብ ከሎተሪ ነው የሚመጣው። የጀመረው በ1993 በአገረ ገዥ ዜል ሚለር ነው። ሚለር የሎተሪውን ሐሳብ ይዞ በ1990 ሲወዳደር፣ በዴሞክራቶቹ ቅድመ ምርጫ የገጠመው የአትላንታ ከንቲባ የነበረውን አንድሩ ያንግን ነው፤ የለየላቸውም በሁለተኛው ዙር ነው። ስንቱ የሐበሻ ልጅ በዚያ ገንዘብ ነርስ ሆነ፣ መሐንዲስ ሆነ! ሥሩን ብትቆፍሩ አንድ በበጋ የተደረገ ቅድመ ምርጫ ታገኛላችሁ።

ዘንድሮ ኬምፕ ሁለት ጊዜ ስለገዛ ዳግም አይወዳደርም። ወንበሩ ክፍት ነው። እስከ 2025 መጨረሻ ከሪፐብሊካኖቹ ወገን ምክትል አገረ ገዥው በርት ጆንስ፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ክሪስ ካርና የግዛቱ ጸሐፊ ብራድ ራፌንስፐርገር እንወዳደራለን ብለዋል። ጆንስ የፕሬዚዳንት ትራምፕን ድጋፍ ይዟል። ራፌንስፐርገር የ2020ው ምርጫ ውጤት እንዲለወጥ ትራምፕ በስልክ ያቀረበለትን ጥያቄ አልቀበልም ያለው ሰው ነው፤ የቤን ፎርትሰን ወንበር የዛሬ ባለቤት። ትራምፕ የደገፈው ሁሉ ጆርጂያ ላይ አያሸንፍም፤ በ2022 ዴቪድ ፐርዲው የትራምፕን ድጋፍ ይዞ በኬምፕ በሰፊው ተሸንፏል። ከዴሞክራቶቹ የቀድሞዋ የአትላንታ ከንቲባ ኪሻ ላንስ ባተምስ፣ የዴካልብ ካውንቲ ዋና አስተዳዳሪ የነበረው ማይክል ተርመንድ፣ የግዛቱ ሴናተር የነበረው ጄሰን ኤስቴቬስ፣ ሪፐብሊካን ሆኖ ምክትል አገረ ገዥ የነበረውና ፓርቲውን የለወጠው ጄፍ ደንካን አሉ። ክላርክስተን ዴካልብ ውስጥ ስለሆነች ተርመንድን የማያውቅ የሠፈራችን ሰው ጥቂት ነው። ማንን እንደምትመርጡ የምነግራችሁ እኔ አይደለሁም። የማናቸውም ስም ኖቬምበር ላይ ሳይኖር ሊቀር እንደሚችል ግን እነግራችኋለሁ፤ ያን ጊዜ «የምወደው ሰው የት ሄደ?» ብሎ መጠየቅ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ጋሼ አንድ ጥያቄ ቀራቸው። «እኔ እኮ የፓርቲ አባል አይደለሁም።»

ጆርጂያ ውስጥ አባልነት አይጠየቅም። ሲመዘገቡ ፓርቲ የሚባል ነገር አይጽፉም። በዕለቱ ሄደው የሪፐብሊካኑን ወይም የዴሞክራቱን ወረቀት ስጡኝ ይላሉ፤ አንዱን ብቻ ነው፣ የወደዱትን። ማንም ከ50 በመቶ በላይ ካላገኘ ሁለቱ ቀዳሚዎች ጁን 16 ቀን ይለያሉ፤ በሜይ የአንዱን ፓርቲ ወረቀት የወሰደ ለመለያው ወደ ሌላው መሻገር አይችልም። በሜይ ያልመረጠ ግን ጁን ላይ መጥቶ መምረጥ ይችላል። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ልናገር፦ ዜግነት ያልወሰደ፣ ግሪን ካርድ የያዘ ወንድምና እህት አይምረጥ፣ አይመዝገብም። ወንጀል ነው፤ ከአገርም ያስባርራል። ዜጋ የሆነ ግን ምክንያት የለውም።

የጋሼ ስልክ ጮኸ፤ ተራቸው ደርሷል። ሞተር አስነሥተው መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። «ቀኑን ድገምልኝ» አሉኝ።

ለእናንተም እደግመዋለሁ። ለመመዝገብ የመጨረሻው ቀን ኤፕሪል 20 ነው። ቅድመ ምርጫው ማክሰኞ፣ ሜይ 19 ቀን 2026። ጣቢያዎቹ ከጠዋቱ 7 ሰዓት እስከ ምሽቱ 7 ሰዓት ክፍት ናቸው። መታወቂያችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ እናታችሁንም አባታችሁንም በመኪናችሁ አድርሷቸው።